መኪናው ለምን ቆመ? ያረጀ መኪናን የነዳጅና የሽቦ ብልሽት በፊዚክስ ስለ መመርመር

በሀገራችን መንገዶች ላይ ከሚመላለሱት መኪናዎች መካከል ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። በነቀምቴ፣ በባኮ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢዶሎ ጋራዦች ደጃፍ የሚቆሙት መኪናዎችም ከተሠሩ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው ሲሆኑ ብርቅ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ይፋ ከተደረገ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያሉት መኪናዎች ከቀድሞው ለበለጠ ዘመን እንዲያገለግሉ መፈለጉ የማይቀር ነው።

እንዲህ ያለው መኪና ከከተማ ርቆ በደዴሳ ሸለቆ ውስጥ ቢቆም ጉዳዩ የባለንብረቱ ብቻ አይሆንም። የጫነው ወደ ሆስፒታል የሚጓዝ ሕመምተኛ ወይም በምጥ የተያዘች እናት ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚደረገው ግን በግምት ዕቃ መለወጥ ነው። ካንዴላው ይለወጣል፤ ሞተሩ አይነሣም። ፖምፓው ይለወጣል፤ አሁንም አይነሣም። ቦቢናው ይለወጣል፤ ለጥቂት ቀን ደኅና ይሆንና መልሶ ይቆማል። በመጨረሻ ችግሩ የአንድ ዝገት የያዘው መጋጠሚያ ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ሐሳብ ነው። የተደፈነ የነዳጅ መስመርም ሆነ የዛገ የሽቦ መጋጠሚያ ጉድለቱን የሚገልጠው በውስጡ በቂ ፍሰት ሲያልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራውም ፍሰት ባለበት ጊዜ መደረግ አለበት። ይህን ለመረዳት የሚያስፈልገው ፊዚክስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው አይበልጥም።

ሁለት ፍሰቶች፣ አንድ ሐሳብ

የቤንዚን ሞተር አየር የሚስብና በደንብ የሚያምቅ እስከሆነ ድረስ፣ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ነዳጅና ብልጭታ ናቸው። ነዳጁ ከታንኩ ተነሥቶ በቧንቧ፣ በማጣሪያና በፖምፓ በኩል ወደ ካርቡሬተሩ ይሄዳል። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከባትሪው ተነሥቶ በቁልፉ በኩል ቦቢናው ዘንድ ይደርሳል። ቦቢናው 12 ቮልቱን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ከፍ አድርጎ በዲስትሪቢዩተሩ በኩል ለካንዴላዎቹ ይልካል። የመመለሻው መንገድ የመኪናው ብረት አካል ሲሆን፣ ባለሙያዎቻችን ከጣሊያንኛ በወሰዱት ቃል «ማሳ» ይሉታል።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጌኦርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሥራ እንዳስረዳው፣ በአንድ ተቃውሞ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ከኮረንቲውና ከተቃውሞው ብዜት ጋር እኩል ነው። ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ኮረንቲው ዜሮ ከሆነ፣ መጋጠሚያው ምንም ያህል ቢዝግ በላዩ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅ ዜሮ ነው። ስለዚህ መብራትና ሞተሪኖ ሳይበራ የሚለካ መስመር ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል።

በነዳጁም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲዞር የሚፈልገው ቤንዚን በሰዓት 1 ሊትር ገደማ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ግን ፍላጎቱ ወደ 10 ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ፍሰቱ 10 እጥፍ ሲሆን በማጣሪያው ላይ የሚጠፋው ግፊት ቢያንስ 10 እጥፍ ያህል ያድጋል። ግማሹ የተደፈነ ማጣሪያ በጋራዡ ግቢ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ፣ ዳገት ላይ መኪናውን የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

በድንገት ወይስ በዝግታ?

የመጀመሪያው መሣሪያ መልቲሜትር ሳይሆን ጥያቄ ነው። ሾፌሩን «ሞተሩ የጠፋው በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እየተንገራገጨ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

የጥያቄው ምክንያት በቀላል ስሌት ይታያል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በሰዓት 4.8 ሊትር፣ በደቂቃ ደግሞ 80 ሚሊ ሊትር ያቃጥላል። በካርቡሬተሩ ማጠራቀሚያ ውስጥ የሚገኘው ቤንዚን ከአንድ የቡና ሲኒ ብዙ አይበልጥም። በመሆኑም ፖምፓው ዛሬ በዚህች ቅጽበት ሥራውን ቢያቆም፣ ሞተሩ ከማጠራቀሚያው እየወሰደ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጓዛል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ይቀንሳል፣ ይንገራገጫል፣ ይጠፋል።

የኤሌክትሪክ መስመር ግን እንዲህ ያለ ማጠራቀሚያ በመንገዱ ላይ የለውም። የቦቢናው ሽቦ ቢበጠስ ብልጭታው ወዲያውኑ ይቋረጣል፤ ሞተሩም ቁልፉ የተዘጋ ያህል በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። ይህ መለያ ፍጹም ባይሆንም፣ ምርመራው ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል።

የነቀምቴ ከፍታ እና ካርቡሬተሩ

ብልሽት ከመፈለግ በፊት ብልሽት ያልሆነውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,080 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 79 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል፤ በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ነው። የአየሩም እፍግታ የባሕር ወለሉ አየር 81 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሲሊንደር በአንድ ስበት የሚያስገባው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በመጠነ ቁስ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የሞተሩ ኃይልም በዚያው ልክ ይደክማል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ብልሽት ስላልሆነ ዕቃ በመለወጥ አይስተካከልም።

ካርቡሬተሩ የሚሠራው ዳንኤል በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ባስረዳው መርሕ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ያ የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን ይስባል። ሂሳቡን ስንሠራ፣ የአየርና የነዳጅ ምጥጥን ከአየሩ እፍግታ ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚሄድ እናገኛለን። የ0.81 ስኩዌር ሩት 0.9 ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል ላይ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር እንዲሰጥ የተስተካከለ ካርቡሬተር፣ ነቀምቴ ላይ የሚሰጠው 13.2 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በአጭሩ ነዳጁ ይበዛል። የካንዴላዎቹ ጫፍ በጥላሸት መጥቆርና ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጥቁር ጭስ የዚህ ምልክቶች ናቸው። መፍትሔው ካንዴላ መለወጥ ሳይሆን ካርቡሬተሩን ለከፍታው ማስተካከል ነው። በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነዳጅ የሚረጩ መኪናዎች የሚያስገቡትን አየር ራሳቸው እየለኩ ስለሚያስተካክሉ ይህ ችግር እምብዛም አይታይባቸውም።

የነዳጁን መንገድ መከተል

ምርመራውን ከታንኩ ክዳን መጀመር ይበጃል። ቤንዚኑ ሲቀንስ በምትኩ አየር መግባት አለበት። የአየር መግቢያው ቢደፈን ምን ይሆናል? በታንኩ ውስጥ 10 ሊትር አየር ቢኖርና 1 ሊትር ቤንዚን ቢወጣ፣ አየሩ ወደ 11 ሊትር ይለጠጣል። በቦይል ሕግ መሠረት ግፊቱ ከ79 ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። የቤንዚኑ ተን ጉድለቱን በከፊል ቢያካክሰውም፣ ፖምፓው መሳብ እያቃተው ይሄዳል። ክዳኑ ሲከፈት አየር እየተሳበ ሲገባ ከተሰማና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ደኅና ከሠራ፣ ጥፋተኛው ክዳኑ ነው።

ቀጥሎ የሚመረመረው ቤንዚኑ ራሱ ነው። ነዳጅ በማደያ በማይገኝበት ጊዜ በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል፤ ንጽሕናው ግን አጠራጣሪ ነው። ጥቂቱን በጠራ ጠርሙስ ቀድቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። የ1 ሊትር ቤንዚን ክብደት ከ0.72 እስከ 0.77 ኪሎ ግራም፣ የውኃ ደግሞ 1 ኪሎ ግራም ስለሆነ፣ ውኃ ካለበት ከታች ተለይቶ ይታያል። ነጭ ጋዝ የተደባለቀበትን ግን ጠርሙሱ አይለየውም፤ ሁለቱ ፈሳሾች ይዋሐዳሉና። ለዚህ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ይረዳል። ንጹሕ ቤንዚን ተኖ ሲጠፋ፣ ነጭ ጋዝ ቅባታማ ምልክት ይተዋል።

ስለ ውኃ ከተነሣ የወለጋን ምድር የሚነካ አንድ ነገር እንጨምር። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚያመርተው ኢታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር በ5 በመቶ መደባለቅ ተጀምሮ፣ በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ውኃን ይስባል። የያዘው ውኃ ከመጠን ካለፈ ግን ከቤንዚኑ ተለይቶ ከነውኃው ወደ ታንኩ ሥር ይወርዳል። በቀድሞ ዘመን የተሠሩ አንዳንድ የላስቲክ ቧንቧዎችንም ያላላል። ስለዚህ ድብልቅ ነዳጅ ለሚጠቀም ያረጀ መኪና፣ ቧንቧዎቹን በየጊዜው ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ማጣሪያውና ፖምፓው ይከተላሉ። ቧንቧውን ከካርቡሬተሩ ላይ ነቅሎ ወደ ጠርሙስ እያስገቡ ሞተሩን በሞተሪኖ ማዞር የፖምፓውን አቅም ያሳያል። ፖምፓው ጤነኛ ከሆነ ቤንዚኑ በጠንካራ ምት ይወጣል። ፍሰቱ ደካማ ከሆነ ያው ሙከራ ማጣሪያው ተነሥቶ ይደገማል። በዚህ ጊዜ ከተሻሻለ ማጣሪያው፣ ካልተሻሻለ ፖምፓው ወይም ከእርሱ በስተኋላ ያለው ቧንቧ ነው። መንገዱን ለሁለት እየከፈሉ መሄድ ይህ ነው። ከዚህ ሙከራ በፊት ግን በመጨረሻ የምንጠቅሰውን ጥንቃቄ ማንበብ ግዴታ ነው።

በመጨረሻ የተን ጉዳይ አለ። ውኃ በነቀምቴ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነውና። ቤንዚንም እንዲሁ ነው። በውስጡ ያሉት ቀላል ክፍሎች በባሕር ወለል ላይ እንኳ ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መፍላት ይጀምራሉ። በሞተሩ ላይ የተገጠመው ፖምፓ ቤንዚኑን ከታንኩ ሲስብ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይበልጥ ይቀንሳል፣ የሞተሩም ሙቀት ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ቤንዚኑ በቧንቧው ውስጥ ሳለ ወደ ተን ይለወጣል። ፖምፓው ፈሳሽ እንጂ ተን ለመግፋት የተሠራ ስላልሆነ ፍሰቱ ይቋረጣል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ እንዲበርድ ማድረግና በፖምፓው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማኖር ይረዳል።

የሽቦውን መንገድ መከተል

የባትሪው ቮልቴጅ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው። ወደ 12 ቮልት ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ሊሰጥ ይገባል።

በጋራዦች የተለመደው መመርመሪያ ትንሽ አምፖል ናት። አምፖሏ ከበራች «ኤሌክትሪክ ደርሷል» ይባላል። ይህ አባባል ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል በቁጥር እንየው። 3 ዋት የሆነች አምፖል የምትወስደው 0.25 አምፒር ነው። በመስመሩ ላይ 0.4 ኦም ተቃውሞ ያለው የዛገ መጋጠሚያ ቢኖር የሚጠፋው ቮልቴጅ 0.1 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ አምፖሏ ደምቃ ትበራለች። በዚያው መስመር 55 ዋት የሆነ የፊት መብራት ብናስገባ ግን ኮረንቲው 4 አምፒር ገደማ፣ የሚጠፋው ቮልቴጅ 1.6 ቮልት ይሆናል። መብራቱ ከሚገባው ኃይል አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። መጋጠሚያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚያልፍበት ፍሰት ነው።

በሞተሪኖው ላይ ነገሩ ይብሳል። ሞተሪኖ 150 አምፒር ሊወስድ ይችላል። 0.02 ኦም የሆነ ተቃውሞ 3 ቮልት ይበላል። ይህን ያህል አነስተኛ ተቃውሞ ደግሞ ተራ መልቲሜትር በኦም መለኪያው ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። መፍትሔው ኦሙን ትቶ ቮልቱን መለካት ነው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ይበቃል። ንባቡ ከ0.5 ቮልት በላይ ከሆነ የማሳው ሽቦ ወይም መጋጠሚያው ታሟል። ተከፍቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆና ጠብቆ ሲታሰር ብዙ ጊዜ ይድናል። አዲስ ባትሪ መግዛት አላስፈለገም ማለት ነው። እንደ ነቀምቴ ባለ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚያገኝ አካባቢ፣ መጋጠሚያዎች ቶሎ መዛጋቸው አያስደንቅም።

የሽቦ ብልሽት የነዳጅ ብልሽት ሲመስል

ከካርቡሬተር በኋላ የመጡት መኪናዎች ነዳጁን የሚገፉት በታንኩ ውስጥ በተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነው። ይህ ፖምፓ 5 አምፒር ቢወስድና በመንገዱ ላይ 0.4 ኦም የሆነ መጋጠሚያ ቢኖር፣ 2 ቮልት ይጠፋል። ፖምፓው በ12 ቮልት ፈንታ በ10 ቮልት ሲዞር ግፊቱና ፍሰቱ ይቀንሳል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። ምልክቱ የነዳጅ፣ በሽታው የሽቦ ነው። ፖምፓውን መለወጥም ለጊዜው ያሻሻለ ሊመስል ይችላል፤ ሽቦው ሲነካካ መጋጠሚያው ስለሚፋቅ ነው።

እዚህ ላይ እጅም መሣሪያ ይሆናል። በመጋጠሚያው ላይ የሚባክነው ኃይል የኮረንቲው ካሬ በተቃውሞው ተባዝቶ፣ ማለትም 5 × 5 × 0.4፣ 10 ዋት ነው። 10 ዋት በጥፍር በምታክል ብረት ላይ ሲወርድ ፕላስቲኩን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የሞቀ ወይም ቀለሙ የጠቆረ መጋጠሚያ ማግኘት ግማሽ ምርመራ ነው።

አንድ ምሳሌ ከደዴሳ ሸለቆ

ከነቀምቴ ወደ በደሌ የሚሄድ መንገደኛ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው የደዴሳ ሸለቆ ይወርድና ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ዳገቱን ይያያዘዋል። አንድ ያረጀ ባለካርቡሬተር መኪና ይህን ዳገት ሲጀምር ቆመ እንበል። ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ ሞተሩም ከፍተኛ ፍሰት ይፈልጋል። በዚህ ቦታ ቢያንስ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ፤ የተደፈነ ማጣሪያ፣ በቧንቧው ውስጥ የተፈጠረ ተን እና ሲሞቅ ውስጡ የሚቋረጥ ቦቢና።

ማጣሪያው ከሆነ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይደክማል፤ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያላላ ግን ሞተሩ ያገግማል፤ የፍሰቱ ፍላጎት ቀንሷልና። ተን ከሆነ እየተንገራገጨ ይጠፋል፣ ካልበረደም አይነሣም፤ እርጥቡ ጨርቅ ግን ያፋጥነዋል። ቦቢናው ከሆነ በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ በፖምፓው ላይ የተደረገው ጨርቅ ምንም አይፈይድም።

ወሳኙ ነገር ምርመራውን መኪናው ቆሞ ገና ሳይበርድ ማድረግ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የካርቡሬተሩን አፍ ከፍቶ የነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ መጫን ነው። ቤንዚን ሲረጭ ከታየ ነዳጅ አለ፤ ጥርጣሬው ወደ ብልጭታው ይዞራል። ካልተረጨ ማጠራቀሚያው ባዶ ነው፤ መንገዱን ወደ ኋላ መከተል ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር በርዶ መኪናው ሲነሣ፣ ማስረጃው አብሮ ጠፍቷል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» ይባላል፤ የበረደ መኪናም በሽታውን ደባቂ ነው።

ሊዘነጋ የማይገባው ጥንቃቄ

የቤንዚን ተን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ስለዚህ በየትኛውም የወለጋ ከተማ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ የፈሰሰ ቤንዚን አደገኛ ነው። ተኑ ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርድና በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል። የነዳጅ ፍሰት ሙከራ የሚደረገው ደጅ፣ ሞተሩ በርዶ፣ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ፣ በባለሙያ እጅ ወይም ባለሙያ ባለበት ብቻ ነው። ቤንዚን በተከፈተበት ቦታ ብልጭታ አይሞከርም፤ ሲጋራም አይለኮስም።

የተቃጠለ ፊዩዝን በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካትም በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። 10 አምፒር ላይ መቋረጥ የነበረበት መስመር 0.1 ኦም በሆነ ሽቦ ከማሳ ጋር ቢገናኝ ኮረንቲው 120 አምፒር፣ ሙቀቱም 1,440 ዋት ይሆናል። ይህ አንድ የልብስ ካውያ የሚወስደውን ኃይል ያህል ነው፤ ካውያው ግን በመኪናው ወለል ምንጣፍ ሥር፣ ከነዳጅ ቧንቧው አጠገብ ተዘርግቷል ማለት ነው። ፊዩዝ የሚቃጠልበትን ምክንያት ሳያገኙ መተካት ተገቢ አይደለም።

ለተማሪዎች

ከላይ ያየነውን የአምፖል ስሌት በቤተ ሙከራ መፈተን ይቻላል። 12 ቮልት ባትሪ፣ ባለ 3 ዋትና ባለ 55 ዋት የመኪና አምፖሎች፣ አንድ መልቲሜትር፣ በመስመሩ ላይ ተገቢ ፊዩዝ እና ሆን ተብሎ በጨው ውኃ የተዛገ መጋጠሚያ ይበቃሉ። ሁለቱን አምፖሎች ተራ በተራ እያበራችሁ በመጋጠሚያው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። ከንባቡና ከኮረንቲው የመጋጠሚያውን ተቃውሞ አስሉ፤ ከዚያም ፍቃችሁ አጽዱትና እንደገና ለኩ። ውጤቱን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወደሚገኝ ጋራዥ ብትሄዱና ለባለሙያዎቹ ብታሳዩ፣ እነርሱም በእጃቸው ያካበቱትን ዕውቀት ያካፍሏችኋል ብለን እናምናለን። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄዱት መኪናዎች ሲበራከቱም ካርቡሬተሩ ይቀር ይሆናል እንጂ፣ የዛገ መጋጠሚያ አብሮን ይቆያል፤ የሚለካውም በዚሁ መንገድ ነው።